ሾፌር የመረጠው ምሳ ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ የተሳፋሪ ምሳ ከሚበላባቸው ከተሞች አንዷ ባኮ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ምዕራብ ሸዋ አልቆ ወለጋ ሊጀምር ጥቂት ሲቀር ትገኛለች። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ አምቦ ላይ ቁርስ አስበልቶ፣ ጉደርን ተሻግሮ፣ የጌዶን ብርድ ቀምሶ ወደ ባኮ ሙቀት ሲወርድ የምሳ ሰዓት ይደርሳል። ጌዶ ላይ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ሰው ባኮ ሲገባ ሹራቡን ለማውለቅ ከጎረቤቱ ክርን ጋር ይታገላል። ገበሬ ከተማዋን የሚያውቃት በበቆሎ ነው፤ ቢኤች 660ን የመሰሉ ድቅል ዝርያዎች የወጡት ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሆን የስማቸውም የመጀመሪያ ፊደል የባኮ ነው። ተሳፋሪ የሚያውቃት ግን በምሳ ነው።

«ምሳ ነው! ሠላሳ ደቂቃ!» ይላል ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ። ይህ ሠላሳ ደቂቃ በእጅ ሰዓት አይለካም። ሾፌሩ በልቶ፣ ታጥቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ነው። ሾፌሩ ስንጥር አንሥቶ ጥርሱን መጎርጎር ከጀመረ አምስት ደቂቃ ቀርቷል፤ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ካሽከረከረ ያላዘዘ ሰው ባያዝ ይሻለዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሃምሳና ስድሳ ሰው ሽንት ቤት ተሰልፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበር ፈልጎ፣ አዝዞ፣ በልቶ፣ ከፍሎ፣ መልሱን ተቀብሎ፣ ለመንገዱም ሙዝና ሃይላንድ ገዝቶ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ከፊት ለፊቱ የደምቢ ዶሎ፣ ከኋላው የአሶሳ መኪና ከቆመ ደግሞ ቁጥሩን በሦስት ማባዛት ነው።

እንዲህ ላለው ሕዝብ ምግብ ቶሎ የሚደርሰው ቀድሞ ስለተሠራ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አልጫውና ቅቅሉ ከማለዳ ጀምሮ ምድጃ ላይ ናቸው። ፍርፍር የትናንት እንጀራ ስለሆነ ከሁሉም ይቀድማል። ከታዘዘ በኋላ ተቆርጦ ወደ ምጣዱ የሚሄደው ጥብስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ ምሳ ቤት ውስጥ ጥብስ ማዘዝ ከሰዓት ጋር ቁማር መጫወት ነው። የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ካለም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ዋጋው በእስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ነው የሚገኘው። እውነተኛው ዝርዝር የአስተናጋጁ አፍ ውስጥ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ሳይወስድ ከቅቅል ተነሥቶ ፓስታ በሥጎ ድረስ ይወርደዋል። የሰማ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ፓስታ ያዝዛል።

ፈረንጅ «ፋስት ፉድ» የሚለው ነገር በአሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚለየው አስተናጋጁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የተባሉት ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ የነበራቸውን ምግብ ቤት ዘግተው በአዲስ ዘዴ ሲከፍቱት የምግቡን ዓይነት ከ25 ወደ 9 ዝቅ አደረጉ፤ ሃምበርገሩን በ15 ሳንቲም መሸጥ ጀመሩ፤ መኪና ድረስ ምግብ ያመላልሱ የነበሩትን አስተናጋጆች ደግሞ አሰናበቱ። ደንበኛው ራሱ ተሰልፎ፣ ራሱ ተቀብሎ ይብላ ተባለ። ፍጥነት የመጣው አስተናጋጁ ወጥቶ ነው ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ሰዉ ቤቱ ቀዘቀዘብኝ እንዳይል ኩባንያዎቹ መስኮቱ ላይ የሚቆመውን ልጅ ፈገግ በል እያሉ ያሠለጥኑት ጀመር። ባኮ ላይ እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም አላስፈለገም። ምግቡ ፈጠነ፣ አስተናጋጁም ቀረ፤ ያውም እየሮጠ።

የባኮ ምሳ ቤት መስተንግዶ ልዩ የሚሆንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በንግድ ወግ ደንበኛ የሚከበረው ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ነው። የአገር አቋራጭ ተሳፋሪ ግን ቤቱን የመረጠው እሱ አይደለም፤ ሾፌሩ ነው። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ ተሳፋሪውም የሚበላው እዚያው ነው። በዚህች አገር መንገዶች ላይ የታወቀ ልማድ እንደሆነው፣ ሃምሳ ሰው ይዞ የመጣ ሾፌርና ረዳቱ ምሳቸውን አይከፍሉም። የተለየ ጠረጴዛ አላቸው። ለተሳፋሪው «ጥብስ አልቋል» በተባለበት ደቂቃ ለሾፌሩ ጎድን ጥብስ በሸክላ እየጨሰ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ተሳፋሪው በአፍንጫው ይሸኘዋል። የቤቱ እውነተኛ ደንበኛ ሾፌሩ ከሆነ፣ ተሳፋሪው ተጭኖ የመጣ ዕቃ ቢጤ ነው። ደስ ቢለውም ባይለውም የፊታችን ዓመት ለዘመድ ሠርግ ሲሄድ ያው ሾፌር ያው ቤት ያወርደዋል።

እንግዲህ በሒሳብ ካየነው ለዚህ ተሳፋሪ ደግነት ማሳየት ኪሳራ ነው። ፈገግታ ትርፍ አያመጣም፣ ኩርፊያም ገበያ አይቀንስም። በዚህም የተነሣ በዚያ ሩጫ መካከል አንዲት አስተናጋጅ ቆም ብላ «እማማ፣ እዚህ ጥላው ሥር ይቀመጡ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» ስትል የምትሰጠው ነገር ከንግዱ ውጭ ያለ፣ ማንም ያላዘዘው ነው። ተሳፋሪ ከጉዞው ሁሉ ነጥሎ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። የበላውን ሽሮ ጣዕም ከባኮ አለፍ ብላ ያለችው ሲሬ ሳይደርስ ይረሳዋል፤ ሽሮ የትም ሽሮ ነው።

ይህ የደግነት ልማድ ሥሩ ሩቅ ነው። በኢትዮጵያ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ አይደለም። መንገደኛ የሚያድረው በሰው ቤት ነበር፤ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ካለ በሩ ይከፈትለታል፣ ውሃ ለእግሩ ይቀርብለታል፣ ካለው ይቋደሳል። በ1900 ዓ.ም. መባቻ ላይ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ መብላትን ነውር አድርጎት እንደነበረና ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እያስከተሉ ገብተው እንዳለማመዱት ሲነገር ይኖራል። የገንዘቡ ነገር ቀስ በቀስ ተለመደ። የአስተናጋጅነቱ ወግ ግን ከቤት እመቤቷ እንደ ወረደ ምግብ ቤቱ ውስጥ ገባ። ዛሬም ሳህኑ ላይ ምግብ የተረፈበት ሰው «ምነው አልበሉም? አልጣፈጠዎትም?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂዋ ገንዘቡን ትቀበላለች፤ ባለመብላቱም ታዝናለች። ፈረንጅ አገር ሁለቱን የሚያዳብል ምግብ ቤት በቀላሉ አይገኝም።

ደግነቱ የሚጀምረው ከአውቶቡሱ በር ነው። ከወራጁ ፊት ሁለት ሦስት አስተናጋጆች ቆመው «ኮታ፣ ሴና!» ይላሉ፤ «ኑ፣ ግቡ» ነው። ምላሹን ሰምተው ቋንቋቸውን ይቀይራሉ። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብላ የጀመረች ልጅ ዓረፍተ ነገሯን በአማርኛ ብትጨርሰው ማንም አይደነቅም። ሽማግሌውን «ኦቦ»፣ ባልቴቷን «አዴ»፣ ተማሪውን «ወንድሜ» ትላለች፤ መነጽር ያደረገውን ሁሉ «ዶክተር» የሚሉም አሉ፣ ማንም ሲያርማቸው አልታየም። ስም የማያውቁትን ሰው በሚያስደስተው ማዕረግ መጥራት ከወጥ ቤት የማይወጣ፣ ዋጋም የማይጠየቅበት ቅመም ነው።

ቀጥሎ እጅ መታጠብ አለ። ብዙ ቤት በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆሟል፤ ሳሙናው በክር ታስሮ ይንጠለጠላል። ስልሳ ሰው በአንድ ቧንቧ ሲጋፋ አንዱ ልጅ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ ወደ ጠረጴዛ የመጣ እንደሆነ የዚያ ቤት ክብር በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ቀድሞ ለትልቁ ሰው፣ ከዚያ ለእንግዳው፣ በመጨረሻ ለልጁ ያፈስሳል። ውሃው ለብ ያለ ከሆነማ ተሳፋሪው ምግቡ ሳይመጣ ግማሽ ጠግቧል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጥያቄው ነው፤ በሁለት ጥያቄዎች የአንድ ምሳ ቤት መስተንግዶ ሊመዘን ይችላል። የመጀመሪያው «ጾም ነው ፍስክ?» የሚለው ነው። በዚህ መንገድ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ረቡዕን የሚጾም ኦርቶዶክስ፣ ረቡዕን የማይጾም ፕሮቴስታንትና ሥጋውን ማን እንዳረደው ሳያውቅ የማይበላ ሙስሊም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጓዛሉ። ሃይማኖታቸው ግንባራቸው ላይ አልተጻፈም። ሳይጠይቅ የሚገምት አስተናጋጅ ጾመኛው ፊት ቅቅል አስቀምጦ የጠረጴዛውን ሰው በሙሉ ያስማትባል። ጠይቆ የሚያውቅ ግን ሌላ ነው። «ጾም ከሆነ ሽሮው በዘይት ነው፣ ቅቤ አልነካውም» ብሎ ከተጠየቀው በላይ ይነግራል። ሙስሊሙን መንገደኛ ደግሞ «የእናንተ ቤት ከዚያ ማዶ አለ፣ ይድረሱበት» ብሎ በጣቱ ያሳየዋል። እጁ የገባ ደንበኛን ለጎረቤት አሳልፎ የሚሰጥ ነጋዴ የትኛውም የአሜሪካ የሥልጠና መጽሐፍ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ በባኮ መንገድ ግን አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ «በየትኛው መኪና ነው የመጡት?» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ አስተናጋጅ ሥራውን ያውቀዋል። የቱ መኪና ቀድሞ እንደገባ፣ የቱ ሾፌር ቶሎ በልቶ እንደሚነሣ፣ የቱ ደግሞ ቡና ሦስተኛ ሲኒ እንደሚጨምር ጭንቅላቱ ውስጥ ተመዝግቧል። የነቀምቴው መኪና ሰው ይቆይ፣ የአሶሳው ሰው ይቅደም ይላል። «ጥብስ ፈልጌ ነበር» ሲባል በመልካም ፈገግታ «እሺ» ማለት ይችል ነበር፤ እንዲህ ያለው «እሺ» በዚህች አገር ምግብ ቤቶች ብዙ ሰው አስርቧል። «እየወጣ ነው»፣ «ደርሷል»፣ «መጣልዎት» የሚሉት ቃላትም ዘመዶቹ ናቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርቱ ገና እየተከተፈ፣ ተሳፋሪው በተስፋ ይቀመጣል። ደጉ አስተናጋጅ ግን ፊቱን ሳያጠቁር «ጥብስ አይደርስልዎትም አባባ፣ ሾፌርዎ ቡና ላይ ነው። ፍርፍር ልስጥዎት፣ አሁኑኑ ነው» ይላል። በመንገድ ላይ ምሳ ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ወዳጅነት የለም። ፈገግታ መልካም ነው፤ ስለ ሰዓቱ እውነቱን መናገር ግን ከፈገግታ ይበልጣል።

ትእዛዙ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። አስተናጋጁ ስምንት ጠረጴዛ በቃሉ ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ይሄድና «አንድ ቅቅል! ሁለት ሽሮ! አንዱ ቃሪያ ይኑረው! ፍርፍር በሥጋ ለባለ ቀይ ሹራቧ!» ብሎ ይጮሃል። ባለ ቀይ ሹራቧ ሹራቧን በሙቀቱ ምክንያት አውልቃው ከሆነ ፍርፍሩ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። በአብዛኛው ግን አይሳሳትም። መልሶ ሲያልፍ ሕፃን የያዘችው እናት ለጡጦዋ ሙቅ ውሃ እንደፈለገች ያስታውሳል፤ እንጀራ ያለቀበትን ሳህን ከሩቅ አይቶ «ልጨምር?» ይላል። እንጀራ መጨመር ድሮ ሳይጠየቅ በነፃ የሚደረግ ነበር፤ የጤፍ ዋጋ ከተሰቀለ ወዲህ በብዙ ቤት ይከፈልበታል። ስለዚህ የዛሬው ጨዋ አስተናጋጅ «ልጨምር?» ብሎ ዝም አይልም፤ ዋጋውንም በጆሮው ይነግረዋል። ዋጋውን ሒሳብ ሲመጣ የሚያስታውቅ ቤት ግን ከእንጀራው ያተረፈውን በስሙ ይከፍላል።

ሒሳቡ ሌላ ትርኢት ነው። ከአውቶቡስ ተራ ሲነሡ የማይተዋወቁ፣ በመንገድ ላይ የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ባኮ ላይ ካልከፈልኩ፣ አትከፍልም ተባብለው ይያያዛሉ። «በእናትህ!»፣ «ሞቼ እገኛለሁ!» ይባላል። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ ብሩ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ አስተናጋጁ ዳኛ ነው። ቀድሞ የዘረጋውን ሳይሆን ከልቡ የዘረጋውን መለየት አለበት፤ ይህም በአንድ እይታ የሚታወቅ ነገር ነው። ኪሱ ሳይገባ በአፉ ብቻ የሚታገለውን ሰው ብር አለመቀበል የሙያው ጥበብ ነው። ተሳስቶ የተቀበለበት ሰው እስከ ነቀምቴ አይናገርም።

የመጨረሻዋ ደቂቃ ለምን ከሁሉ እንደምትበልጥ ሳይንስም ተናግሮላታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን አንዴ ለ60 ሰከንድ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለዚያው 60 ሰከንድ በዚያው ውሃ ውስጥ፣ ከዚያም በትንሹ ሞቅ ሲል ለተጨማሪ 30 ሰከንድ እጃቸውን እንዲያቆዩ አደረጉ። የትኛውን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ መጨረሻው ለስለስ ብሎ ነበርና። ሰው ያሳለፈውን ነገር የሚመዝነው በርዝመቱ አይደለም፤ በጦፈበት ጊዜና በአጨራረሱ ነው። ይህን ጥናት ባኮ ምሳ ቤት ውስጥ ቢያደርጉት ኖሮ ቀዝቃዛ ውሃ ባላስፈለጋቸው፤ የመልስ ጥበቃ ይበቃቸው ነበር።

ምክንያቱም በመንገድ ላይ ምሳ ውስጥ የጦፈው ጊዜና ማብቂያው አንድ ላይ ይወድቃሉ። ተሳፋሪው ሁለት መቶ ብር ሰጥቷል፤ አስተናጋጁ ዝርዝር ፍለጋ ሄዷል፤ ሾፌሩ ክላክስ ያሰማል። የመጀመሪያው ክላክስ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ቁጣ ነው። ሦስተኛው ላይ ጎማው ይንቀሳቀሳል። ተሳፋሪው አንድ እግሩን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ምሳ ቤቱ በር ላይ አድርጎ ይቆማል። መልሱን ከተወው ይቆጨዋል፤ ካልተወው ሻንጣው ብቻውን ወለጋ ይገባል። የቀደመው ትሕትና ሁሉ፣ ማንቆርቆሪያውም ለብ ያለው ውሃም፣ በዚህች ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። አስተናጋጁ ሆን ብሎ ከዘገየ ተሳፋሪው ያንን ቤት ለልጅ ልጁ ይነግራል። በሩጫ መጥቶ፣ አቧራው ውስጥ ከአውቶቡሱ ጎን ለጎን እየሮጠ፣ የተጨማደደውን ብር በመስኮት ያቀበለ እንደሆነም እንዲሁ ለልጅ ልጅ ይነገራል፤ አነጋገሩ ብቻ ይለያያል። ከውስጥ «ገላቶማ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ አስተናጋጁ ወደ ሽሮው ተመልሷል።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመልስ ነገር በከፊል ተቃልሏል። አሁን የሚጠበቀው ዝርዝር ብር አይደለም፤ መልእክት ነው። ተሳፋሪው ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ «ተልኳል» ይላል፤ ካሸሯ ስልኳን ታያለች፣ «አልገባም» ትላለች፤ ክላክሱ ይጮሃል። ከዚህ በኋላ የሚወስነው የሰው መተማመን ነው። «ይሂዱ፣ ይገባል» የምትል ካሸር ባንክ የማይሰጠውን ብድር እየሰጠች ነው። መልእክቱም ብዙ ጊዜ አውቶቡሱ ሲሬ ሲቃረብ ይገባል።

ሁሉም ወዳጅነት ግን ወዳጅነት አይደለም። ሰው ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ክንዱን ይዞ የሚጎትት አለ፤ ይህ መስተንግዶ ሳይሆን ዝርፊያ ነው የሚመስለው። ሰው አፉ ውስጥ ጉርሻ እንዳለ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» እያለ በየደቂቃው የሚመላለስም አለ፤ ከሠላሳው ደቂቃ አምስቱን መልስ በመስጠት ያባክንበታል። ለሦስት ሰው የታዘዘ በያይነቱ ላይ ሳይጠየቅ አምቦ ውሃ ከፍቶ ደርድሮ ሒሳቡ ውስጥ የሚያስገባም ይገኛል። አምቦ ውሃ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸግ፣ የመንገዱም የራሱ ልጅ የሆነ የተከበረ ውሃ ነው፤ ቢሆንም ሳይጠሩት መምጣት አያምርበትም።

ስለ ፈገግታም አንድ ነገር መባል አለበት። ጥር 1982 ዓ.ም. ማክዶናልድ ሞስኮ ላይ የመጀመሪያ ቤቱን ሲከፍት በአንድ ቀን ከ30 ሺህ በላይ ሰው እንደገባ ተመዝግቧል። ሠራተኞቹ ፈገግ እንዲሉ ሠልጥነው ነበር፤ በሱቅ ውስጥ ፈገግታ ያልለመደው ሰው ግን ልጆቹ የሚስቁት በእሱ ላይ መስሎት ግራ ተጋብቶ እንደነበር ይወራል። የባኮ መንገድ ተሳፋሪ ችግሩ ተቃራኒው ነው። የሴት አስተናጋጅን ትሕትና እንደ ግብዣ የሚቆጥር ወንድ ከየአውቶቡሱ አይጠፋም፤ ሽሮ አዝዞ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 በአየር አስተናጋጆች ላይ ባሳተመችው መጽሐፍ ያሳየችው ግን ፈገግታ ሥራ እንደሆነ፣ እንደ ሸክምም እንደሚያደክም ነው። በአንድ ቀን ለብዙ መቶ ሰው ፈገግ ያለች ልጅ ማታ ቤቷ ስትገባ ዝም ብትል አይፈረድባትም። ጨዋ ተሳፋሪ ትሕትናዋን ለምሳው ይቀበላል፣ ከምሳው አልፎ አይጠይቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. ሲከፈት ደንብ ልብስ፣ የተማረ ሰላምታና የታተመ ደረሰኝ አብረው መጡ። ቀድሞም ቢሆን ካልዲስን የመሰሉ ካፌዎች አስተናጋጆቻቸውን አንድ ዓይነት አልብሰው፣ አንድ ዓይነት አናግረዋል። ይህ ነውር የለውም፤ ደንበኛው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ነገር ግን በመመሪያ የታዘዘ ሰላምታ በየቀኑ አንድ ስለሆነ ማንም ቤቱ ሄዶ አያወራውም። ሰው የሚያወራው ያልታዘዘውን ነው፤ ከአውቶቡስ የቀረን ተሳፋሪ ባጃጅ ላይ ጭኖ ኬላ ጋ ያደረሰውን የምሳ ቤት ልጅ ነው የሚያወራው።

በቅርብ ዓመታት በአካባቢው ባለው የጸጥታ ችግር መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል፤ አውቶቡስ ሳያልፍ የዋለበት ቀን ለምሳ ቤቶቹ ሽሮው ምድጃ ላይ የደረቀበት ቀን ነው። በሌላ በኩል በራሱ መኪና የሚጓዘው ሰው በዝቷል፤ ይህ ደግሞ የሚቆምበትን ቤት ራሱ ይመርጣል። ለእሱ መሮጥ ንግድ ነው። ሾፌር ላወረደው ተሳፋሪ መሮጥ ግን አሁንም ያው ያልታዘዘ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ትጋት የሚያስተናግድ ልጅ ያለበት ቤት ከመንገዱ ቤቶች ሁሉ ይበልጣል።

የዚህ ልጅ ደመወዝ ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለግሉ ሠራተኛ ወለል ሳይቀመጥለት ቆይቷል። ኑሮው የቆመው በጉርሻ ነው። ባኮ ላይ ምሳ የሚበላ መንገደኛ እንግዲህ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ዝርዝር ብር ያዘጋጅ፤ የደረሰ ምግብ ይዘዝ፤ ጉርሻውንም ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አይሂድ፣ ሳህኑን የሚያነሣው ሌላ ሰው ነውና። ያስተናገደውን ልጅ ፈልጎ በእጁ ይስጠው።